ዳታቤዙ «ናዝሬት» ሲል ኮዱ «አዳማ» እንዲል፦ የኮድ ጄኔሬተርን የስም ደንብ ስለማስተካከል

ከቃሊቲ መናኸሪያ ስትሳፈሩ ረዳቱ ብዙ ጊዜ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ነው የሚጣራው። ከተማው ስትደርሱ ታፔላው፣ ማህተሙ፣ ደረሰኙ «አዳማ» ይላል። እናቴ ዛሬም ናዝሬት ነው የምትለው። ታናሽ እህቴ አዳማ እያለች ነው ያደገችው። ሁለቱ በስልክ ሲያወሩ ግን አንድም ቀን ሳይግባቡ ቀርተው አያውቁም። ሁለቱ ስሞች አንድ ቦታ እንደሆኑ ያውቃሉ፤ አለቀ።

ፕሮግራም ይህን በራሱ አያውቅም። ዳታቤዙ ላይ «ናዝሬት» ተብሎ የተጻፈውን ኮዱ «አዳማ» ብሎ ቢጠራው አይገናኙም። መሃል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ከዳታቤዝ ኮድ በሚያመርቱ መሣሪያዎች ውስጥ ያ አስተርጓሚ የስም ደንብ ይባላል። ብዙ ሰው አብሮ የመጣውን ደንብ ሳይነካ ይቀጥላል። የሚወጣው ስም ሲያስጠላው ደግሞ የተመረተውን ኮድ በእጁ ያርማል። ይህ ሁለተኛው ነገር በጣም ያሳስበኛል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ የመጣው እዚሁ አዳማ ካለ አንድ የልብስ ጅምላ ነጋዴ ሥራ ጋር ነው። ዳታቤዙ ከዓመታት በፊት በሌላ ሰው የተሠራ ነው። ግማሹ ቴብል (ዳታው የሚቀመጥበት ሠንጠረዥ) በእንግሊዝኛ ተሰይሟል። ግማሹ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። አንዳንዱ ስሙ ፊት «ቲ» እና አንደርስኮር (_) አለው፤ ቴብል ለማለት መሆኑ ነው። «ቲ_ልብስ» አለ። «ቲ_ደንበኞች» አለ። አንዱ ቴብል ውስጥ «ናዝሬት_ክምችት» የሚል ኮለም (የሠንጠረዡ ዓምድ) አለ፤ ሌላው ውስጥ «አዳማ_ሽያጭ»። ሁለቱም ስለ አንድ ቅርንጫፍ ነው የሚያወሩት።

ለንባብ እንዲቀል እነዚህን ስሞች በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። ዳታቤዙ ላይ ያሉት ግን በላቲን ነው። በእውነት በግዕዝ ፊደል ስለተሰየሙ ቴብሎች ስናወራ ለይቼ እነግራችኋለሁ።

«ታዲያ ዳታቤዙን ራሱን ለምን አታስተካክሉም?» ትሉ ይሆናል። እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የካሸሯ የቆየ ፕሮግራም ከዚያው ያነባል። የሒሳብ ሠራተኛው የኤክሴል ሪፖርትም ከዚያው ነው የሚስበው። አንድ ስም ብንቀይር ሁለቱም ይቆማሉ። ስለዚህ ስሙ እዚያ እንዳለ ይቆይ፣ እኛ ኮድ ውስጥ በሚገባን ስም እንጥራው አልን።

አሁን መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ማንኛውም ዳታቤዝ ስለራሱ መዝገብ ይይዛል። ምን ምን ቴብል እንዳለው፣ እያንዳንዱ ምን ኮለም እንዳለው፣ ኮለሙ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ ወይም ቀን፣ የትኛው ቴብል ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ሁሉ እዚያ አለ። ኮድ ጄኔሬተር ይህን መዝገብ ያነብና ለእያንዳንዱ ቴብል ክላስ፣ ማለትም ቴብሉን በኮድ ውስጥ የሚወክል ቁራጭ፣ ይጽፍላችኋል። ጥቅሙ ትልቅ ነው። የኮለም ስም ብትሳሳቱ ስህተቱን ኮዱን ለኮምፒውተር የሚተረጉመው ኮምፓይለር ወዲያው ይነግራችኋል። ካለዚያ ደንበኛው ፊት ነው የሚፈነዳው።

የምንጠቀመው ጁክ የተባለውን የጃቫ መሣሪያ ነው፤ ሉካስ ኤደር የጀመረው። በማይክሮሶፍቱ ዶትኔት የሚሠሩ ሰዎች በኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ስካፎልድ በሚባለው ትእዛዝ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

አብሮ የሚመጣው ደንብ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሠራል። ዳታቤዝ ላይ ቃላት በአንደርስኮር ይለያያሉ። ኮድ ላይ አንደርስኮሩ ይወጣና የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ካፒታል ይሆናል። ልዩነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዳታቤዝ በሚጠየቅበት ቋንቋ በኤስኪውኤል ውስጥ ስም ያለ ጥቅስ ምልክት ሲጻፍ ካፒታልና ትንሽ ፊደል አይለይም። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ሁሉንም ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጠዋል። ኦራክል የተባለው ሁሉንም ወደ ካፒታል። ቃላትን በካፒታል ብትለዩ ዳታቤዙ ያጠፋዋል፤ አንደርስኮር ግን ይተርፋል። ጃቫና ሲሻርፕ በበኩላቸው ካፒታልና ትንሽ ፊደልን ይለያሉ፤ ልማዳቸውም ቃላትን በካፒታል መለየት ነው። ጄኔሬተሩ የሁለቱን ልማድ ያስታርቃል።

ለንጹሕ የእንግሊዝኛ ዳታቤዝ ይህ ይበቃል። የእኛ ዓይነቱ ላይ ግን ጉዱ ይጀምራል።

ከልብስ እንነሣ። «ልብስ» በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ኤስ ነው። ብዙ ጄኔሬተሮች የቴብል ስም ብዙ ቁጥር፣ የክላስ ስም ነጠላ መሆን አለበት ብለው ያምናሉ። ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ከ5ኛው ሥሪቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ሂዩማናይዘር በሚባል ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ይህን ራሱ ያደርጋል። በእንግሊዝኛ ደንብ ደግሞ የመጨረሻው ኤስ የብዙ ቁጥር ምልክት ነው። ስለዚህ ኤሷን ይቆርጣታል። «ልብስ» የነበረው «ልብ» ሆኖ ይወጣል። የጅምላ መጋዘን ሙሉ ልብ! «መልስ» ብትሉም ያው ነው፣ «መል» ይሆናል።

«ደንበኞች» ደግሞ በተቃራኒው ነው። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው «ኦች» ብዙ ቁጥር ነው። መሣሪያው ግን አማርኛ አያውቅም። ለእሱ በሲኤች የሚያልቅ ነጠላ ስም ነው። ሲያበዛው የእንግሊዝኛውን ኢኤስ ይጨምርበታል። «ደንበኞችኤስ» ይመጣል። ብዙ ቁጥር በብዙ ቁጥር ላይ።

ሌላው የክላስ ነገር ነው። ነጋዴው ልብሱን አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ይከፍላል። ዳታቤዙን የሠራው ሰው ደረጃውን «ክላስ» በሚል ኮለም መዝግቦታል። በእንግሊዝኛ ትክክል ነው። ጃቫ ላይ ግን «ክላስ» የቋንቋው የራሱ ቃል ነው፤ ለሌላ ነገር መጠሪያ አይሆንም። ኮለሙን የሚያነበው ሜተድ (ክላሱ ውስጥ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ደግሞ «ጌትክላስ» መባል አለበት። ጃቫ ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር ከልደቱ ጀምሮ «ጌትክላስ» የሚባል ሜተድ አለው፤ ማንም እንዲተካውም አይፈቀድም። እንዲህ ያለ ግጭት ሲመጣ ጄኔሬተሮች ስሙ ላይ ምልክት ጨምረው ያልፉታል። ኮዱ ይሠራል። ግን በየቦታው ጅራት ያለው ስም ታያላችሁ። «ክላስ» የሚለውን «ደረጃ» ብሎ መተርጎም ይሻላል።

እንግዲህ እነዚህን ሁሉ የተመረተው ኮድ ውስጥ ገብቶ በእጅ ማረም ይቻላል? አንድ ጊዜ ይቻላል። በሚቀጥለው ሳምንት ነጋዴው «የመጋዘን ኪራይ የሚመዘገብበት ቦታ ጨምሩልኝ» ይላል። አዲስ ኮለም ትጨምራላችሁ። ጄኔሬተሩን ታስነሣላችሁ። ሁሉንም ፋይል እንደገና ይጽፋል። በእጅ ያረማችሁት ሁሉ ጠፋ። «ልብስ» ተመልሶ «ልብ» ሆነ። የተመረተ ኮድ ማለት ሁልጊዜ ተደምስሶ የሚጻፍ ኮድ ነው። እርማቱ መግባት ያለበት አምራቹ ጋ ነው።

ጁክ ለዚህ ሁለት መንገድ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ኮድ አያስጽፍም። በማስተካከያ ፋይሉ ላይ ሦስት ነገር ትጽፋላችሁ። የትኞቹን ስሞች እንደሚመለከት በሬጀክስ (የጽሑፍን ቅርጽ በምልክት መግለጫ) ታመለክታላችሁ። ከስሙ የትኛውን ክፍል እንደምትፈልጉ ትናገራላችሁ። በመጨረሻ የፊደሉን አጣጣል ትመርጣላችሁ፤ እንዳለ ይሁን፣ ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ካፒታል፣ ወይም በየቃሉ መጀመሪያ ካፒታል። የእኛ የመጀመሪያ ደንብ በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ነበር፦ «በቲ አንደርስኮር የሚጀምር ስም ካገኘህ፣ ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ ያዝ፣ በየቃሉ መጀመሪያ ካፒታል አድርግ።»

እዚህ ላይ «የሚጀምር» የምትለዋ ቃል ሁሉ ነገር ናት። ሬጀክስ ላይ «ስሙ መጀመሪያ ላይ» የምትለዋን ምልክት ረስታችሁ «ቲ አንደርስኮር ካገኘህ አጥፋ» ብቻ ካላችሁት፣ መሃል ላይ ያለውንም ያጠፋል። «ንብረት_ቁጥር» የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ መሃሉ ላይ ቲ እና አንደርስኮር ጎን ለጎን አሉ። «ንብረቁጥር» ሆኖ ይወጣል። ደንቡ ትንሽ መሆኑ አያዘናጋችሁ። በአንድ መስመር መቶ ስም ይለውጣል።

ሁለተኛው መንገድ ራሳችሁ ክላስ መጻፍ ነው። የጁክን መደበኛ የስም ክላስ ትወርሱና የምትፈልጉትን ሜተድ ብቻ ትተካላችሁ። የክላስ ስም የሚያወጣው ለብቻ ነው፤ የሜተድ ስም፣ የፓኬጅ (ክላሶች የሚቧደኑበት ማህደር) ስም የሚያወጣውም እንዲሁ። ያልነካችሁት እንደ ድሮው ይሠራል። ሬጀክስ የማይችለው ነገር እዚህ ይቻላል። ለምሳሌ ስሙ የቴብል ይሁን የኮለም ጠይቃችሁ በዚያው መወሰን ትችላላችሁ።

ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ጊዜ በልተውብናል። አንደኛ፣ ይህ የጻፋችሁት ክላስ ጄኔሬተሩ ከመነሣቱ በፊት ኮምፓይል መሆን አለበት። የተመረተውን ኮድ ከሚጠቀመው ፕሮጀክት ጋር አንድ ላይ ካስቀመጣችሁት ክብ ውስጥ ትገባላችሁ። ፕሮጀክቱ ኮምፓይል እንዲሆን የተመረተው ኮድ ያስፈልገዋል። ኮዱ እንዲመረት ደግሞ ክላሱ ያስፈልጋል። መፍትሔው ለብቻው በትንሽ ሞጁል ማስቀመጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአንድ ቴብል የሚመረተው አንድ ክላስ ብቻ አይደለም። ቴብሉን የሚወክል አለ፣ አንድን መስመር የሚወክል አለ፣ ካዘዛችሁት ደግሞ ዳታ ብቻ የሚይዝ ተራ ክላስ አለ። መሣሪያው ስም ሲጠይቃችሁ ለየትኛው እንደሆነ አብሮ ይነግራችኋል። ያንን ሳታዩ ለሁሉም «ልብስ» ብላችሁ ከመለሳችሁ፣ በተለያየ ፓኬጅ ያሉ ሦስት «ልብሶች» ይኖሯችኋል። ሁለቱን በአንድ ፋይል ውስጥ ስትፈልጉ የአንዱን ሙሉ አድራሻ ከነፓኬጁ መጻፍ ግድ ነው። የቡድናችሁ አዲስ ልጅ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲጠፋው ብዙ ሰዓት ያልፋል።

እኛ በመጨረሻ ሁለቱን ቀላቅለናል። መደበኛውን ነገር ደንብ ይሠራዋል። ደንብ የማይገዛውን ደግሞ መዝገበ ቃላት። መዝገበ ቃላቱ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በግራ የዳታቤዙ ስም፣ በቀኝ የኮዱ ስም። «ልብስ» ባለበት «ልብስ» ይሁን፣ አትቁረጥ። «ክላስ»፣ «ደረጃ»። «ናዝሬት»፣ «አዳማ»። ፋይሉ ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግብ መሣሪያ) ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማን መቼ ምን እንደጨመረ ይታያል።

መዝገበ ቃላቱ ሌላ ችግርም ፈትቶልናል። አማርኛን በላቲን ስንጽፍ ሁላችንም በየፊናችን ነው የምንጽፈው። «ዕቃ» የምትለዋን ሁለት ፊደል ተመልከቱ። አንዱ በኢ ይጀምራታል፣ አንዱ በአይ። «ቃ»ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋታል። በዚያ ዳታቤዝ ውስጥ «ዕቃ» በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተገኝታለች። ሦስቱም በመዝገበ ቃላቱ ወደ አንድ ቃል ተመልሰዋል።

ግን ጥንቃቄ። ብዙ ስሞችን ወደ አንድ ስትመልሱ ግጭት ይመጣል። «ቲ_ዋጋ» እና «ዋጋ» የሚባሉ ሁለት ቴብሎች ነበሩ፤ አንዱ የአሁን፣ አንዱ የድሮ ዋጋ። ቲዋን ስንቆርጥ ሁለቱም «ዋጋ» ሆኑ። አንዱ ፋይል ሌላውን ደምስሶ ሊጽፍበት ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሁለት የፋይል ስሞች በካፒታል ፊደል ብቻ ቢለያዩ እንደ አንድ ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ሁሉንም የሚወጡ ስሞች ሰብስቦ፣ ወደ ትንሽ ፊደል ለውጦ፣ ድግግሞሽ ካለ ቢልዱን (የፕሮግራሙን ግንባታ) የሚያቆም ትንሽ ፍተሻ ጻፍን። ሃያ መስመር አይሞላም። ከጻፍናቸው ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ።

አሁን በግዕዝ ፊደል ወደ መሰየም ልምጣ። ወጣት ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል፤ ጥያቄው ደስ ይለኛል። ይቻላል ወይ? ይቻላል። ጃቫ የእኛን ፊደል በስም ውስጥ ይቀበላል። ፖስትግሬስም ይቀበላል። ነገር ግን የስም ደንቡ ላይ ሦስት ነገር ይለወጣል።

ካፒታል የለንም። «የመጋዘን_ዕቃ» የሚለው አንደርስኮሩ ሲወጣ «የመጋዘንዕቃ» ይሆናል። የት አንዱ ቃል አልቆ የት ሌላው እንደሚጀምር የሚለይ ነገር አይቀርም። ስለዚህ ለግዕዝ ስሞች አንደርስኮሩን አታውጡት። እንዳለ ይለፍ።

ቦታ ይበላል። ፖስትግሬስ ለአንድ ስም 63 ባይት ብቻ ነው የሚፈቅደው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ነው። የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሦስት ባይት ይይዛል። 63 ለ3 ሲካፈል 21 ነው፤ ከአንደርስኮር ጋር ከዚያም ያንሳል። «የመጋዘን_ዕቃዎች_ዝውውር_ዝርዝር_መዝገብ» የሚለውን ስም ቁጠሩት። 21 ፊደልና 4 አንደርስኮር ነው፣ በጠቅላላው 67 ባይት። ፖስትግሬስ ስህተት ብሎ አያቆማችሁም። ማሳሰቢያ ብቻ ሰጥቶ ይቆርጠዋል። መጨረሻው «መዝ» ሆኖ ይቀራል። ጄኔሬተሩም ያንኑ «መዝ» ያነባል። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ግን ወሰኑን በፊደል ቁጥር ነው የሚይዘው፣ 64 ፊደል። እዚያ ይህ ስም በደህና ይገባል።

ሦስተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ለእኛ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ሁለት የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንዲሁ። የስም ደንቡ ውስጥ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚመልስ እርምጃ ጨምሩ። ኀ እና ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነቤተሰቦቻቸው። ለኮድ ስም ብቻ ነው ታዲያ። ወደ ዳታቤዙ የሚላከው ስም መነሻው አጻጻፍ መሆን አለበት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሁሉም ደንብ ይሠራል። ጥሩ ጄኔሬተር ሁለቱንም ስም ይይዛል። ክላሱ «አዳማ» ቢባልም ውስጡ «በዳታቤዙ ስሜ ናዝሬት ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። ጥያቄ ሲልክ በዚያ ነው የሚልከው። የስም ደንብ ዳታቤዙን አይነካም።

የዶትኔት ሰዎች መንገድ ትንሽ ይለያል። ነጠላና ብዙ ማድረጉን ማጥፋት፣ ወይም የዳታቤዙን ስም እንዳለ መውሰድ በአንድ ቃል ትእዛዝ ይቻላል። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ፣ ከ7ኛው ሥሪት ጀምሮ የሚመረተውን ኮድ ቅርጽ በቴምፕሌት መጻፍ ይቻላል። ሃይበርኔት በሚባለው ሌላ የጃቫ መሣሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጉዞው ከኮድ ወደ ዳታቤዝ ነው። ክላሱን እናንተ ትጽፉታላችሁ፣ እሱ የቴብሉን ስም ይገምታል።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ቦታ የቴብሎች ትስስር ነው። ዕቃ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ይዛወራል እንበል። የዝውውር ቴብሉ መጀመሪያ ወደ መጋዘን የሚያመለክት አንድ ትስስር ብቻ ነበረው። ጁክ ትስስሩ አንድ ብቻ ከሆነ በሚያመለክተው ቴብል ስም ይጠራዋል፤ «መጋዘን» ብሎ። ደስ ይላል። በኋላ የመድረሻ መጋዘን ተጨመረ። አሁን ትስስሩ ሁለት ነው። «መጋዘን» ብቻ ማለት የትኛውን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ መሣሪያው ስሙን ከራሱ ከትስስሩ ስም መውሰድ ይጀምራል። አንድ ኮለም በመጨመራችሁ ያልነካችሁት ኮድ ስሙ ተለወጠ። ዳታቤዙ ላይ ትስስሮችን ከመጀመሪያው «ዝውውር_መነሻ_መጋዘን» ዓይነት ግልጽ ስም ስጧቸው። ዳታቤዙ ራሱ ያወጣላቸውን ስም አትተዉ።

ደንቡን ከተጀመረ ሥራ ላይ መለወጥ ካስፈለገስ? ለብቻው በአንድ ኮሚት (ጊት ላይ በአንድ የተመዘገበ ለውጥ) ይሁን። ሌላ ነገር አትቀላቅሉበት። ኮምፓይለሩ የተሰበረውን ቦታ ሁሉ ያሳያችኋል፤ እያስተካከላችሁ ትሄዳላችሁ። ኮምፓይለር የማያየው ነገር ግን አለ። በጥቅስ ውስጥ የተጻፈ ስም፣ የሪፖርት ቅጽ ላይ ያለ ስም፣ ወደ ስልክ አፕ በጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) የሚላክ ስም።

የጄሰኑ ነገር በእኛ ላይ ደርሷል። ከቴብሉ የተመረተውን ክላስ እንዳለ ወደ ሽያጭ ሠራተኞች አፕ እንልከው ነበር። በአንድ ሐሙስ ማታ «ዋጋ» የሚለውን ኮለም በመዝገበ ቃላቱ «መሸጫ ዋጋ» አልነው። ኮዱ ኮምፓይል ሆነ። ሙከራዎቹም አለፉ። ዓርብ ጠዋት አንዱ የሽያጭ ሠራተኛ ደንበኛ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ደወለ። «ወንድሜ፣ ዋጋው የት ገባ? ልብሱ አለ፣ ዋጋው ባዶ ነው።» አፑ «ዋጋ» የሚል ስም ነበር የሚጠብቀው። እኛ የምንልክለት ሌላ ስም ሆኗል። ሰውየው ደንበኛው ፊት አፍሯል፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

በዚያው ቀን ለአፑ የሚላከውን ክላስ ለየነው። እሱ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ስሞቹም አይለወጡም። ከተመረተው ክላስ ወደ እሱ የሚገለብጥ አንድ ሜተድ አለ። ከዚያ ወዲህ የስም ደንቡን ሁለት ጊዜ ቀይረነዋል። ሁለቱንም ጊዜ የተሰበረው ያ ሜተድ ብቻ ነው፤ እሱንም ኮምፓይለሩ አሳይቶን እዚያው ቢሯችን አስተካከልነው።